ለልጇ ያላደረስኩት ድምፅ

እኛ ጴንጤዎች ነፍስ አባት የለንም። ኃጢአታችንን በቀጥታ ለእግዚአብሔር እንናዘዛለን። እኔ ይህ መንገድ በጣም ተመችቶኝ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጠቀምኩበት፤ እግዚአብሔር ለሰው አያወራማ! ለባሌ አልነገርኩትም። ለፓስተራችን አልነገርኩትም። በሙያዬ ሌላውን የሚያክም ሰው ራሱም ሌላ ሐኪም ፊት ተቀምጦ ውስጡን እንዲፈትሽ ይመከራል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ አንዲት ደግ ሴትዮ ፊት ተቀምጬ ስለ አባቴ ቁጣ፣ ስለ ትዳሬ፣ ስለ እንቅልፌ አወራሁ። ይህችን ግን በየሐሙሱ ዘለልኳት። እንግዲህ ዛሬ እናንተ ስሙኝ። እንድታጽናኑኝ አይደለም። ማጽናናት የኔ እንጀራ ነው፣ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፣ እኔ ላይ አይሠራም።

ጆሃንስበርግ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ። ፕሮፌሰር ነኝ። ስሜ የታወቀው በአገር በቀል ሕዝቦች የአእምሮ ጤና ጥናት ነው። በአጭሩ ሲነገር፣ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ የሐዘንና የፈውስ ወግ አለው፤ ሐኪም ነኝ ባይ ሁሉ ወጉን ከማፍረሱ በፊት ቁጭ ብሎ ይማር እላለሁ። መድረክ ላይ ቆሜ "የኛን ሰው ቁስል እንደ ማዕድን ቆፍረው ወሰዱት" ስል አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ወርቅ ቁፋሮ በቆረቆራት ከተማ ይህ ምሳሌ ሁልጊዜ ይሰምራል። አዛኝ ቅቤ አንጓች! ቆፋሪዋ እኔ ነኝ። ያውም የአገሬን ልጅ፣ ያውም በገዛ ቋንቋው።

ሰውዬውን ታደለ ልበለው። እውነተኛ ስሙ አይደለም። እንደኔው የሆሳዕና አካባቢ ሰው ነው፤ ካትሌሆንግ በምትባል ሎኬሽን፣ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለችው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዘራፊዎች ገብተው በገመድ አስረው፣ ሽጉጥ አፉ ውስጥ ከተው፣ ሱቁን ባዶ አድርገው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው እንቅልፍ አጣ። በር ሲንኳኳ ሽንቱ ያመልጠው ነበር። ይህን የነገረኝ በምሥጢር ነው፣ እናንተ አትንገሩበት። ሮዘተንቪል ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ አማክር ስለነበር ሚስቱ እጁን ይዛ አመጣችው። ጥሩ ሠራሁ። እውነቴን ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሩ ሠራሁ። በሦስተኛው ወር መተኛት ጀመረ።

አሁን ወጋችንን ለማታውቁ ልንገራችሁ፣ ያለሱ በደሌ አይገባችሁም። በኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን እያለም አይነገርም። ስደት ላይ ያለ ሰው እናቱ ብትሞት ቤተሰቡ የሚደውለው ለሱ ሳይሆን ለሽማግሌዎች ነው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ይመክራሉ፤ ጤናው እንዴት ነው፣ በቅርቡ ምን ደርሶበታል፣ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ነው ወይ ይባባላሉ፤ ከዚያ ቀን ይቆርጣሉ። እስከዚያ ቀን ያወቀ ሁሉ አፉን ይይዛል። ቀኑ ሲደርስ ጎህ ሲቀድ ሃያ ሰላሳ ሰው ሆነው በሩን ያንኳኳሉ። ሰውዬው ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ሲወድቅም መሬት አይነካም፣ ክንድ ላይ ነው የሚወድቀው። አንዳንዴ የሕመም ወሬም ይደበቃል፣ በተለይ ፔፐር፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለሌለው። ከወጣ መመለሻ የለውምና፣ አውቆ ምን ያደርጋል ይባላል።

ይህን ወግ እወደዋለሁ። ዛሬም እወደዋለሁ። ያኔ የማጠናውም እሱን ነበር። መርዶ ከተነገራቸው በኋላ ብዙ ሰዎችን አነጋግሬ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። የመርዶው ቀን ተቆርጦለት እሱ ገና ያልሰማ ሰው፣ ሁሉም የሚያውቀውን እሱ ብቻ የማያውቅ ሰው፣ በዚያ መሐል ምን እያለ ይኖራል? ይህን መዝግቦ ያወቀ ተመራማሪ አልነበረም። ያልነበረውም ሕሊና ያለው ሰው ስለማያደርገው እንደሆነ ያኔ አልታየኝም። ክፍት ቦታ መሰለኝ። በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ክፍት ቦታ ማለት እድገት ማለት ነው።

አንድ ረቡዕ ጋሽ ሀንዲሶ ደወሉልኝ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ናቸው፤ ዱርንፎንቴን ብርድ ልብስ ያከፋፍላሉ። የታደለ እናት ሆስፒታል ገብታለች፤ ቀኖቿ ተቆጥረዋል፤ የልጄን ድምፅ አሰሙኝ እያለች ነው አሉኝ። ወንድሙ ድምፅዋን በስልክ ቀድቶ ለጋሽ ሀንዲሶ ልኮላቸዋል። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል፤ ግማሹ ይደወልላት ይላል፣ ግማሹ ይህ ሰው ገና ከዚያ ሽብር አልወጣም፣ ይጠበቅ ይላል።

"ልጄ፣ አንቺ የልብ ሐኪሙ ነሽ። የያዘውን ታውቂያለሽ። ያልሽው ይሁን" አሉኝ።

አስተውሉልኝ። ወጉ እንደኔ ያለ ሰው አያውቅም። ወጉ ሃያ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተከራክሮ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ጸልዮ የሚወስነው ነው። የኔን ዲግሪ አክብረው ውሳኔውን ለአንዲት ሴት አስረከቡ። አገር በቀል እውቀት ይከበር ብዬ የምሰብከው እኔ ምን አልኩ? "እናንተው ወስኑ፣ ወጉ የናንተ ነው" አልኩ? አላልኩም። ድምፁን ላኩልኝና አይቼ ልወስን አልኩ። ላኩልኝ። አርባ ሰከንድ ነው። እናትየዋ በቋንቋችን፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ልጇን ቤት ውስጥ በምትጠራበት ቁልምጫ ትጠራዋለች፤ ከጓሮ ተክል የወጣ ቁልምጫ ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ነገር ትለዋለች። መጨረሻ ላይ እንደገና ትጠራውና ዝም ብላ ትጠብቃለች። የምትጠብቀው እንዲመልስላት ነው። ስልክ መስሏታል፤ ወንድሙ እየቀዳ መሆኑን አልተረዳችም።

አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ፤ እንባዬ ደግሞ ምንም አልከለከለኝም። ለጋሽ ሀንዲሶ መልሼ ደውዬ "አልተዘጋጀም። ሁለት ሳምንት ስጡኝ" አልኩ።

አልተዘጋጀም! ውሸት ነበር። ተዘጋጅቶ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ በራሱ አፍ "አሁን ሞት ቢመጣም በሩን እከፍትለታለሁ" ብሎ አስቆኝ ነበር። ያልተዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። እናቱ እየሞተች መሆኑን ሳያውቅ የሚያወራልኝ ሁለት ቅዳሜ ያስፈልገኝ ነበር። ለሁለት ቅዳሜ ብዬ ነው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሌላ መልስ የለኝም፤ ዘጠኝ ዓመት ፈልጌ አጣሁት።

ቅዳሜ መጣ። መቅጃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ለጥናት የፈረመው ወረቀት ነበረ፤ ስለ ዝርፊያው እንዳጠና ነበር የፈረመው። ስለ እናትህ አጫውተኝ አልኩት። ፊቱ በራ። ስለ እጆቿ፣ በልጅነቱ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ተቀምጦ ስለሚጥለው እንቅልፍ፣ ቤት ሠርቶላት ቆርቆሮው ሲንኳኳ ዝናቡን እየሰማች ስለምትተኛበት ክረምት አወራልኝ። ሴት ልጁን ቤቴልን እስከ ሰባት ዓመቷ ያሳደገቻት እሷ ናት። ስልኳ አይሠራም አለኝ፤ ወንድሙ እህቷ ጋ ገጠር ሄዳለች ብሎታል፤ ከነገ በሚቀጥለው እሁድ ስትመለስ እደውልላታለሁ አለኝ።

"ጥሩ ሐሳብ ነው" አልኩት።

እነዚህን ሦስት ቃላት አድምጡልኝ። ቀረጻው ላይ አሉ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ለኔና ለሱ ነው፤ ልዩነቱ አራጁ ቢላውን በብዕር መለወጡ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፤ እሁድ ሊደውል ስለሆነ ደስ ብሎት ለሷ የሚነግራትን ቀልድ እኔ ላይ ሞከረው። ሳቅኩ። ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩ። ያ ቅዳሜ እሷ የሞተች በአራተኛው ቀን ነበር። ማክሰኞ ሞታለች፤ ረቡዕ ጠዋት ተነግሮኝ ነበር።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ካትሌሆንግ ሄድን። ሃያ ስድስት ሰው ነበርን። በሩን ከፈተ፣ አየን፣ ከሁሉ ፊት መሐል የኔን ፊት መርጦ አየኝና ወደኔ ወደቀ። ክንዴ ላይ። በሰባተኛው ቀን እጄን ይዞ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እህቴ ዶክተር፣ ልቤን ጠብቀሽልኛል። ያን ጊዜ ብሰማው አብጄ ነበር። ጌታ ብድርሽን ይክፈልሽ" አለኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል ሌላ?

ጥናቱ ታተመ። ማኅበረሰብ ክፉ ወሬን በመደበቅ የአባላቱን አእምሮ እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ድንቅ ሥራ ተባለ። ስሙን ቀየርኩ፣ ዕድሜውን ቀየርኩ፣ ሱቁን ከካትሌሆንግ አውጥቼ ሌላ ሎኬሽን አስገባሁ። የምሥጢር ጥበቃ ደንቡን ሁሉ አሟላሁ። ጽሑፉ አናት ላይ ግን የእናትየዋን ቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ቁልምጫውን ብቻ በቋንቋችን እንዳለ ትቼ። በጣም ያምር ነበርና። በየጉባኤው ንግግሬን የምከፍተው በዚያ ነው፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ መነጽራቸውን የሚያወልቁ አሉ። በስንት አገር ስንት ሰው ያንን ቃል ሰማ መሰላችሁ። ለአንድ ሰው የተላከ መልእክት ነበር፤ ከዚያ ሰው በስተቀር ሁሉም ሰማው።

ታደለ በየእንቁጣጣሹ አምስት ሊትር ዘይት ከሱቁ ይዞልኝ ይመጣል። አንድ ዓመት ሳያስቀር። አልጠበስኩበትም፣ ለሰውም አልሰጠሁትም፤ ኩሽና ጥግ ተደርድሯል፤ ባሌ ሱቅ ልትከፍቺ ነው ወይ እያለ ይቀልድብኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። በኛ ተገለበጠ። የተወጋው ዘይት ያመጣል፣ የወጋችው ጀሪካኑን እያየች ምግቧ አይወርድላትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ባለፈው መጋቢት ከክፍል በኋላ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ቤቴል ናት፤ ሁለተኛ ዓመት ሳይኮሎጂ። እኔን አይታ ነው ትምህርቱን የመረጠችው፤ አባቷ በየቦታው ይህን በኩራት ይናገራል። የታተመውን ጽሑፌን ይዛ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቢጫ ቀለም አንድ ቃል አስምራለች።

"ሶሪ ዶክተር" አለችኝ፣ ድምፅዋ ቀስ ብሎ። "ይሄን ቃል አያቴ ብቻ ናት የምትለው። ላይክ፣ በዓለም ላይ እሷ ብቻ። አባባን ነው እንደዚህ የምትጠራው። ሌላ ሰው እንደዚህ ሊባል ይችላል?"

ይችላል ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን በተክል ይጠራሉ ልላት ነበር፤ ታምነኝ ነበር፣ ፕሮፌሰሯ ነኝ። ወረቀቱን መልሼ ወደሷ ገፋሁት። ገባት።

"አባባ ይሄን ሰምቶታል?"

"አልሰማም።"

"ድምፁ አለ?"

"አለ።" አሮጌው ስልክ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከተቀመጠችበት አንድ ክንድ አይርቅም። ለምን እንዳላጠፋሁት ጠይቁኝ። መረጃ አይጠፋም፣ ሙያዬ ነው።

ከዚያ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነበርኩት ሰው ምን ያህል እንዳልሞተ ታያላችሁ። "ቤቴል፣ አባትሽ አሁን ደኅና ነው። ድንገት ቢሰማው ይጎዳል። መጀመሪያ ዝግጁ መሆን አለበት" አልኳት።

"ሃይቦ!" አለች በዙሉ፣ ወይ ጉድ እንደማለት፣ ልክ እንደ ሎኬሽን ልጅ። "ሬዲ መሆኑን የሚወስነው ማነው፣ ዶክተር?" ወረቀቷን ይዛ ወጣች። በሩን እንኳ ወርውራ አልዘጋችውም።

ጋሽ ሀንዲሶ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል። ሁሉንም ነገርኳቸውና እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ብርድ ልብሶቹ መሐል ተቀምጠው ሰሙኝ። በመጨረሻ "እኔም አንቺን ሐኪም ብዬ አምኜ የሴትዮዋን ልመና መለስኩ፤ ይህን ለፈጣሪዬ አቀርባለሁ። ግን ልጄ፣ እኛ የምንናገረው የሰው ሞት ነው። የራስሽን ሥራ ራስሽ ተናገሪ" አሉኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ብቻዬን ካትሌሆንግ ሄድኩ። ሱቁ ከዝርፊያው ወዲህ በፍርግርግ ብረት ታጥሯል፤ ዕቃ የሚወጣው በትንሽ መስኮት ነው። ቤቴል መስኮቱ ላይ ቆማ ዳቦ ትሸጣለች። አየችኝና ምንም ሳትል የጎን በሩን ከፈተችልኝ። ታደለ ከጓዳ ወጣ፤ የሰዓቱን ማለዳነት፣ ፊቴን፣ አለባበሴን አየ። ከዚያ አንገቱን ሰግጎ ከኋላዬ ማን እንዳለ ፈለገ። ማንም አልነበረም።

"ማነው?" አለኝ። "ማን ሞተ? ሰዎቹስ የታሉ?"

ለካ በዚያ ሰዓት ብቻውን የመጣ ሰው ከመርዶ ይብሳል። አስቀመጠኝ፤ ያን ጊዜ እንኳ ለስላሳ ከፈተልኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ሰበብ አልደረደርኩም፤ ሽማግሌዎቹን አላማኸኘሁም፣ ወጉን አላማኸኘሁም። እናትህ ድምፅህን ፈልጋ ነበር፣ መንገዱ ክፍት ነበር፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ አልኩ። ስለ ሁለቱ ቅዳሜ ነገርኩት። ቀልዱን ሲነግረኝ ሞታ እንደነበረ ነገርኩት። የተቀዳው ድምፅዋ እኔ ዘንድ እንዳለና ቃሏን ለማያውቃት ሕዝብ እንዳነበብኩ ነገርኩት። ከመስኮቱ በኩል "ሳውቦና ሲሲ፣ ዳቦ" እያሉ ሰላም የሚሉ የገዢዎች ድምፆች ይመጣሉ፣ ቤቴል ትመልሳለች።

አልጮኸም። አልሰደበኝም። እጁን ብቻ ዘረጋ። አሮጌውን ስልክ አውጥቼ ከፈትኩለት። የሱቁ ማቀዝቀዣ ይጮህ ስለነበር ተነስቶ ሶኬቱን ነቀለና ተመልሶ ተቀምጦ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ሆኜም እሰማዋለሁ፤ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ስንት መድረክ ላይ ብዬዋለሁ። ምን እንዳለችው እዚህ አልጽፈውም፣ ቁልምጫውንም አልጽፈውም። አንድ ጊዜ ሰርቄዋለሁ። መጨረሻው ላይ ደረሰች፣ እንደገና ጠራችው፣ ዝም ብላ መጠበቅ ጀመረች።

ታደለ እንደ ልጅ ከመቀመጫው ተነሳ። በቋንቋችን "አቤት እማዬ" አላት።

ከዚያ ድምፁ አለቀ። "አቤት" አለ ደግሞ፣ ትንሽ ጮክ ብሎ፣ መስመሩ የተቋረጠበት ሰው እንደሚለው። ስልኩን ከጆሮው አላነሳም። እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል በአፌ ይዤ ሄጄ ሳልናገረው ይዤው ተመለስኩ። ብጠይቀው ይቅር ይለኝ ነበር፤ የዚህ ዓይነት ሰው ነው፤ ስለዚህ ነው ያልጠየቅኩት። በዚህ እንቁጣጣሽ ዘይት አልመጣም። ለመጽሔቱ ጽሑፉን አንሱልኝ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ቢያነሱትም የሰሙት ሰምተዋል። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ቤቴል ናት፤ አባቷ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አላናገረኝም፣ እንዲያናግረኝም መብት የለኝም። እናንተም ይቅር አትበሉኝ፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የእናትየዋን ድምፅ ከሱ በፊት ሰማሁ። ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ሲመልስላት ደግሞ እዚያው ሆኜ "አቤት" ሲል ሰማሁ። እሱም ለኔ የተባለ አልነበረም።